የእህቴ ርካሽ ሰርቨር

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ዛሬም ስብሰባ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ምንም። አለቃችን «ዲጂታል ጉዞ» የሚል ቃል ለምዷል፤ አሥራ አንድ ጊዜ አለው፣ ቆጥሬያለሁ። ጉዞው ወዴት እንደሆነ ቢጠይቁት ከምሳ ያለፈ መድረሻ አያውቅም። ራሴን ነቀነቅኩ። ሁሉም ነቀነቀ።

ከዚያ ወደ ክፍሌ። እዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቁም ነገር ያለው የሰርቨር ክፍሉ ብቻ ነው። ብርድ፣ ጉምጉምታ፣ አረንጓዴ መብራት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅኩት። የሚያከብረኝ ዘበኛው ብቻ ነው። ጠዋት ሲያየኝ «ኢንጂነር!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ሰርቨር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሳያውቅ ማክበሩ አውቃለሁ ከሚሉት ይሻላል።

ቤት ስገባ ታናሽ እህቴ ጠበቀችኝ። የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆማ ትውላለች።

«ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ የምለው አንድ ቃል ነው። የለም፣ የለም፣ የለም። ሰውየው ከእኔ ወጥቶ ወዴት ይሂድ? ምናልባት መድኃኒቱ ሦስት በር አልፎ ይኖራል።»

የምትፈልገው ዌብሳይት ነው። ከገበያ የጠፋ መድኃኒት የት መድኃኒት ቤት እንዳለ በየቀኑ የሚናገር። ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ እንደ ባለሙያ። ሰርቨር፣ መጠባበቂያ ሰርቨር፣ ማቀዝቀዣ፣ ጄኔሬተር፣ የሚጠብቅ ሰው... ስዘረዝርላት ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ደስ አለኝ? ትንሽ። ሥራዬ ከባድ መሆኑን ሰው ሲያውቅልኝ ደስ ይለኛል። ምን ነውር አለው?

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ልጅቷ ፋብሪካ ልትከል አላለችህም» አለች። ጣልቃ ካልገባች አይሆንላትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

እህቴ ደወለች። ክላውድ ላይ ሰርቨር ተከራየሁ አለች! «ከሁሉ ትንሿን፣ ከሁሉ ርካሿን።» ይህንንም በኩራት። የወር ኪራዩ ከአንድ ምሳዬ ያነሰ ነው።

«የት ነው ያለው ማሽንሽ?»

«እንጃ ጋሼ። ባሕር ማዶ የሆነ ቦታ።»

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«ማየቱን ምን አደርገዋለሁ?»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይህንኑ ተረትኩባት። ሳቀች። ላስቃት ብዬ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ገጿን ከፈትኩት። ነጭ። በነጩ ላይ ጥቁር ጽሑፍ። የመድኃኒቱ ስም፣ «አለ»፣ የመድኃኒት ቤቱ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ በስንት ሰዓት እንደተረጋገጠ። አለቀ። ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ፣ አርማ የለ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የሞት ማስታወቂያ ይመስላል።

ለምሳ መጥታ ነበር፤ ጠየቅኳት።

«ምነው እንዲህ ራቁቱን አስቀረሽው?»

«ማሽኗ ትንሽ ናታ። ሥዕል ካሸከምኳት ትንበረከካለች። ገጾቹን ጠዋት አዘጋጅቼ አስቀምጥላታለሁ፤ ሰው ሲመጣ እሷ የምታስበው ነገር የለም፣ ዝም ብላ ማቀበል ነው። ደግሞ ስልኩ ያረጀ፣ ኔትወርኩ የደከመ ሰውም ይከፍተዋል።»

ማን አስተማራት? ቪዲዮ አይታ ነው። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ። እኔ አራት ዓመት የተማርኩትን... ተማርኩ እንኳ አልልም፣ ተሰቃየሁበት።

አሥራ ሁለት መድኃኒት ቤቶች በየጠዋቱ እየደወሉ ያላቸውን ይነግሯታል። አሥራ ሁለት! ከተማው ውስጥ ስንት መቶ አለ? «ከየትም ይጀመራል» አለች። እንዲህ የሚለው መጨረስ የማይችል ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። ስልኬ ላይ ስነካው ወዲያው ብልጭ አለ። የእኛ መሥሪያ ቤት ገጽ እስኪከፈት ሰው የአሥር ጣቱን ጥፍር ቆርጦ ይጨርሳል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 28

አለቃችን ክፍሌ ድረስ መጣ። ብርዱን ፈርቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ገጻችንን በቀን ስንት ሰው ያየዋል?»

«ብዙ።»

«ብዙ ስንት ነው?»

«እንደየቀኑ ነው።»

ጠግቦ ሄደ። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ኃጢአቴ አለቃ አድርገው ሰጡኝ?

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ትናንት አርባ ሦስት። ግማሹ እኛው ሠራተኞቹ ነን።

እህቴን በስልክ ጠየቅኳት፣ እንደ ቀልድ። ዘጠኝ መቶ ምናምን አለች። ዋሽታ ይሆን? አትዋሽም። መዋሸትም እኮ ብልጠት ይጠይቃል።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

እሑድ፣ ኅዳር 10

እማዬ ዓይኗን ልትታከም ነው። ሌላ ከተማ፣ የሰባት ሰዓት መንገድ፣ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ክትትል። ሁለት ሳምንት ይሆናል። ማን ይሂድ? እኔ ሥራ አለብኝ። እህቴ ፈቃድ ወስዳ ልትሄድ ነው። «ግዴለም ጋሼ» አለች፣ ይቅርታ ሳልጠይቃት። ባለቤቴ አየችኝ። ያላየሁ መሰልኩ።

ሰርቨሯን ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። ፓስወርዱን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ። የመድኃኒቱን ዝርዝር የሥራ ባልደረባዋ ትሞላዋለች፤ የእኔ ድርሻ ማሽኗን ማየት ብቻ ነው። አከራዮቹ የሚልኩት ኢሜይል ወደ እኔ እንዲመጣ አድርጋለች።

«ጋሼ፣ ኢሜይል ከመጣ ክፈተው። ሌላ ምንም አልልህም።»

እኔን! አንበሳ ሲጠብቅ የኖረን ሰው ድመት ሲያስጠብቁት እንዲህ ይሰማዋል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ኢሜይሉ መጣ። አሮጌ ማሽኖቻቸውን ሊቀይሩ ነው። ሐሙስ ጠዋት የእሷን ያጠፉታል፤ ከዚያ ባለቤቱ ገብቶ ራሱ ያስነሣው ይላል። ብዙ ለሚከፍሉት እነሱው ያስነሡላቸዋል። የእሷ ቢጤ ራሱን ይቻል!

ደጋግሜ አነበብኩት። ሳቄ መጣ።

ለምን አስነሣዋለሁ? ይውደቅ። ሁለት ሦስት ቀን ወድቆ ይሰንብት። ከዚያ «አየሽ?» እላታለሁ። በቪዲዮ የተማሩት ሙያ እስከዚህ ነው። ሰው ካልተደናቀፈ እግሩን አያይም። ደግሞ ሁለት ቀን ገጽ ቢጠፋ ማን ይሞታል?

ክፋት አይደለም። ትምህርት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ረፋድ ላይ ስልኬን ነካሁ። የለም። ወደቀ። ሻይ አዘዝኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 15

የእህቴ ባልደረባ ሁለት ጊዜ ደወለች። ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ገጹ አልከፈት ብሏል። ሰው እየደወለ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ልንገር ብል መስመሩ አንድ ነው።»

«እያየሁት ነው።»

«ለእሷ ልደውልላት?»

«እናቷን ታስታምም፣ ተያት። እኔ አለሁ።»

እኔ አለሁ። ሲሉት እንዴት ያምራል!

ከሰዓት በኋላ እህቴ ራሷ ደወለች። የእማዬ ቀዶ ጥገና ደህና አልቋል። ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ነርሶቹን ትቆጣለች አሉ። «እዚያ ሁሉ ሰላም?» አለችኝ።

«ሰላም ነው።»

ሰኞ አስነሣዋለሁ። ሰኞ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ባለቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። «የልጅቷ ገጽ ጠፍቷል። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ርካሽ ነገር እንዲህ ነው።»

ቆማ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ደስ ብሎሃል እንዴ?»

ጋዜጣዬን ገለበጥኩ። ጥያቄ ነው ይሄ?

ሰኞ፣ ኅዳር 18

በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ። ሲያየኝ ብድግ እንኳ አላለም። የበፊቱ ወዴት ሄደ ብዬ ብጠይቀው ሚስቱ ወድቃ ሐኪም ቤት ገብታለች አለኝ። እያዛጋ።

ማሽኑን ዛሬ ላስነሣው ነበር። አለቃችን «አስቸኳይ ሪፖርት» ብሎ ቀኑን በላው። ከአስቸኳዩ ሪፖርት ውስጥ አንዱም ነገር አስቸኳይ አልነበረም። ነገ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

ልጻፈው።

ጠዋት ዘበኛው ክፍሌ መጣ። የእኛው ዘበኛ። ከበሩ አልፎ እዚህ ድረስ ገብቶ አያውቅም። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ኢንጂነር፣ ይቅርታ። እርስዎ የኮምፒውተር ሰው ስለሆኑ ነው። ይቺን ገጽ ቢያዩልኝ። ስልኬ ይሁን ገጹ ይሁን የተበላሸው ማወቅ አቃተኝ።»

ስልኩ በላስቲክ ታስሯል። መስተዋቱ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ሥር የእህቴ ገጽ አድራሻ።

ሚስቱ የሚጥል በሽታ አለባት። በመድኃኒት ስድስት ዓመት ደህና ሆና ኖረች። መድኃኒቱ ከገበያ ከጠፋ ወዲህ በዚች ገጽ ነው የሚያገኘው፤ ሁለት ጊዜ አግኝቶበታል። ሐሙስ አለቀባት። ሐሙስ ከፈተው፣ የለም። ዓርብ ከፈተው፣ የለም። ከሥራ ወጥቶ በቤቱ አካባቢ ያሉ ዘጠኝ መድኃኒት ቤቶችን በእግሩ ዞረ። ቅዳሜ ጠዋት ምድጃው አጠገብ ቆማ ሳለ ጣላት።

«ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር» አለኝ። «ስመለስ እጇን እሳቱ ውስጥ አገኘሁት።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እኔ ምን አልኩ? «ስልክህ ደህና ነው። ገጹ ነው። ይስተካከላል።»

«እግዜር ይስጥልኝ ኢንጂነር።»

አመሰገነኝ!

በሩን ዘግቼ ገባሁ። ፓስወርዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ቁልፍ ናት፤ «አስነሣ» ትላለች። ተጫንኳት። አራት ደቂቃ አልሞላም። ገጹ ረቡዕ ዕለት እንደነበረ ተመለሰ። የሴትዮዋን መድኃኒት ስም ፈለግኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። «አለ። ረቡዕ ጠዋት የተረጋገጠ።» የመድኃኒት ቤቱን ስም አየሁ። ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ያለችው ናት። ጣሪያዋ ከመስኮቴ ይታያል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 21

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ባዶ እጄን ላለመሄድ ብርቱካን ገዛሁ። ለተቃጠለ እጅ ብርቱካን! ጅል።

ቀኝ እጇ ነው። ከክርኗ እስከ ጣቷ ተጠቅልሏል። ልብስ ሰፊ ናት፤ አላውቅም ነበር። ስለ ሰውየው ምን አውቃለሁ? ብድግ ማለቱን።

የባሏ ትልቅ ሰው መጣ ብላ ከአልጋዋ ልትነሣ ስትታገል አይቼ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

«ሐኪሙ ጣቶቼ ይታጠፉ አይታጠፉ ገና ነው ይላል» አለችኝ። «እምቢ ካሉ እሱ ይሰፋል፣ እኔ በር እጠብቃለሁ።» ባሏን በዓይኗ ጠቀሰችው። ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ከአንገቴ በላይ እንኳ አልመጣልኝም።

ከዚያ ገጹን የሠራችውን ትመርቅ ጀመር። «ማን እንደሆነች አላውቅም፣ እጇ ይባረክ። ሁለት ጊዜ አትርፋኛለች። ሰሞኑን ምን እንዳገኛት እንጃ፤ ታማ ይሆናል።»

ታማ ይሆናል...

ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ምንም ሳልናገር። አለቃዬ ደደብ ነው፣ አሁንም እላለሁ። ግን እያወቀ የማንንም እጅ አላቃጠለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 25

እማዬና እህቴ ትናንት ገቡ። ዛሬ ከሥራ መልስ ሄጄ ነገርኳት። እማዬ በወዲያኛው ክፍል ጋደም ብላለች።

«ገጹ አምስት ቀን ጠፍቶ ነበር» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። ባልደረባዬ ነግራኛለች። ኢሜይሉን ረስተኸው ነው?»

የማምለጫውን በር ራሷ ከፈተችልኝ። አዎ ብል አልቆ ነበር።

«አልረሳሁም። እያወቅሁ ተውኩት። እንድትማሪ ብዬ።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ምኑን እንድማር?»

ስንት ቀን ሳዘጋጀው የከረምኩት ንግግር ነበረኝ። አንድ ቃል ትዝ አላለኝም። የዘበኛውን ሚስት ነገርኳት። የቱን መድኃኒት እንደሆነ፣ የት እንደነበረ። ስሰማው ለራሴም የሌላ ሰው ሥራ መሰለኝ። የማውቀው፣ የምጠላው ሰው።

«ረስተኸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።

አልጮኸችም። ብትጮህ ጥሩ ነበር። ስልኳን አወጣችና እፊቴ ፓስወርዱን ቀየረች።

«ምን ሆናችሁ ዝም አላችሁ?» አለች እማዬ ከወዲያ።

«ምንም እማ። ሥራ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ፣ በቀስታ፣ «ሰውየው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ንገረው። እኔ አልነግርልህም።»

በር ድረስ ሸኘችኝ። ጋሼ አላለችኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 27

ትናንት ፈራሁ፤ በጓሮ በር ገባሁ። ዛሬ ነገርኩት። በሩ ላይ፣ ቆሜ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት «አንተ» ያልኩትን ሰው ዛሬ ምላሴ «እርስዎ» አለ፤ አስቤው አይደለም። ገጹ የእህቴ መሆኑን፣ አደራው የእኔ መሆኑን፣ ኢሜይሉን፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ያን ዕለት ስልኬን ሲያዩት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ከኋላዬ ሁለት ሠራተኞች አልፈው ገቡ። ሰላም አሉት፣ ሰላም አላቸው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝም አልከላከልም ነበር። ከጠረጴዛው ላይ የእንግዳ መዝገቡን ሳበና ወደ እኔ አዞረው።

«ይፈርሙ።»

ስም። የመጡበት ጉዳይ። ሰዓት። እዚህ ቤት ፈርሜ አላውቅም። «የመጡበት ጉዳይ» ከሚለው ሥር ብዕሬ ቆመ። «ሥራ» ብዬ ጻፍኩ። አነበበው። መዝገቡን ዘጋ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ዛሬም ፈረምኩ። አለቃችን አይቶኝ «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «አዲስ ደንብ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ደንብ ይወዳል።

የሴትዮዋ ሦስት ጣቶች ይታጠፋሉ። ሁለቱ አልታጠፉም። ይህን የሰማሁት ከሌላ ሠራተኛ ነው። ከባሏ አፍ ከ«ይፈርሙ» በቀር የምሰማው የለም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 7

እህቴ ጋ ሄድኩ። ሥራ ስጪኝ አልኳት።

«ማሽኗን አልሰጥህም።»

«ማሽኑን አልጠየቅሁሽም።»

ከዚያ ወረቀት አመጣች። ስልክ የማያነሱ መድኃኒት ቤቶች ስም ነው፤ ሃያ አንድ። ከእነሱ ውስጥ የአንዱም ዝርዝር ገጹ ላይ የለም።

«በእግር ነው የሚኬደው። ትገባለህ፣ ያላቸውን ትጠይቃለህ፣ ጽፈህ ትልክልኛለህ። ጠዋት ጠዋት፣ ከሥራ በፊት። ያመናጭቁሃል።»

«ያመናጭቁኝ።»

«አንተ ደግሞ አታመናጭቃቸውም።»

ይሄኛው ይከብዳል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

አንደኛው ባለመድኃኒት ቤት፣ የቁጥጥር ሠራተኛ መስዬው፣ መደርደሪያውን ሁሉ በጨርቅ ሸፈነብኝ። ሌላው ነጻ መድኃኒት ለማኝ አደረገኝ። አንዷ ሴት ደግሞ ያላትን አታውቅም። የለም አለችኝ፤ ከጀርባዋ ባለው ካርቶን ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል! ምላሴን ነከስኩ። «እስቲ እባክሽ፣ ያንን ካርቶን» አልኩ። አለ።

ስንት ጅል በዚህ ከተማ ነጭ ጋውን ለብሶ ይውላል! ይህንን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

እህቴ ለምልከው ሁሉ የምትመልሰው አንድ ቃል ነው። «ገብቷል።» ሌላ ምንም። ቢሆንም ገጹን ሳየው መስመሩ በደቂቃ ውስጥ አለ። ትንሿ ማሽን አንድም ቀን አልተንበረከከችም። ስሰድባት የከረምኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 27

ጠዋት ከገበያው ወዲያ ያለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፤ ባለፈው ሁለት ጊዜ አባሮኛል። ዛሬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «አንተ ልጅ አሁንም አልተውከኝም?» አለኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። «አልተውኩም አባባ» አልኩት። ተነጫነጨና መሳቢያውን ሳበው። የዚያ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ስምንት ፓኬት። ለወር ያህል የትም አልነበረም። እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ጻፍኩ፣ ላክሁ። «ገብቷል» አለች።

ሌሎቹን መሳቢያዎች እንዲያሳየኝ እየለመንኩት፣ እሱም እያጉረመረመ፣ ጥቂት ቆየን። አንዲት ሴት እያለከለከች ገባች። በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው የሐኪም ወረቀት።

«አባባ፣ ይሄ አለ ይላል። እውነት ነው?»

ሽማግሌው ስልኳን አየ። እኔን አየኝ። መልሶ ስልኳን አየ።

ባንኮኒው ጠባብ ነው፤ ሙሉውን ይዤው ቆሜ ነበር። ወረቀቴን ሰብስቤ ዞር አልኩላት።